ሲጥ ባይዋ ብስክሌት እና የሳንሱሲዋ ሴትዮ

ዘርዓብሩክ ሳንሱሲ ሰፈር ሴት አስቀምጧል ተባለ።

መጀመሪያ «ሳይሆን አይቀርም» ነበር። ሳምንት ሳይሞላ «ነው አሉ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ መልክና ቁመና አወጣች፤ ቀይ፣ ፀጉሯ ረጅም፣ ባሏ የሞተባት፣ የእንጨት መጋዘን ያላት። አንዷ ጎረቤት የወርቅ ጥርስ ጨመረችላት። ሌላዋ ደግሞ እንዳትበለጥ ብላ፣ ብስክሌቱ ላይ ከፊት አፈናጧት ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አለች። የዘርዓብሩክን ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ይህ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። ያቺ ብስክሌት ዘርዓብሩክን ብቻውን የምትሸከመው እያማረረች ነው፤ የእንጨት መጋዘን ያላት ሴት ቢጨመርባት አስኮ ሳትደርስ ለሁለት ትከፈል ነበር።

ወሬው ከየት እንደተነሣ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሰፈሩ የጸሎት ሰፈር ነው፤ ሐሜት ነውር ነው። ስለዚህ ሐሜት የሚዘዋወረው የጸሎት ርዕስ ተብሎ ነው። የዘርዓብሩክ ሚስት ብዙነሽ በሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥታ፣ «እኅቶቼ፣ ባለቤቴን በጸሎት አስቡልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣ ይጠፋብኛል» አለችና ተቀመጠች። ዝርዝር አልሰጠችም። የጸሎት ርዕስ ደግሞ ዝርዝር አይጠየቅበትም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል ተብሎ ይታለፋል። እግዚአብሔርስ አወቀው፤ ሴቶቹ ግን አላወቁትም። ያልተሰጣቸውን ዝርዝር ወደ ቤት ሲመለሱ ራሳቸው ሞሉት። ታክሲ ውስጥ ፀጉሯ ረዘመ። ኮብልስቶኑ ጋ ሲደርሱ ጥርሷ ወርቅ ሆነ።

እውነቱ ይኸውና። ሳንሱሲ ሴት የለችም። ሳንሱሲ ያለው ድንጋይ ነው።

ከአስኮ አለፍ ብሎ፣ አንድ ሰው ቤት ሊሠራ መሠረት አውጥቶ የተወው ቦታ አለ። ከመሠረቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ ጀርባው ዝርግ የሆነ ጥቁር ድንጋይ። ዘርዓብሩክ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ይሄዳል። ብስክሌቷን ዛፉ ላይ ያስደግፋል፣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ በቃ። አያነብም፣ ስልክ አይነካካም፣ በአፉም ሆነ በልቡ አይጸልይም። ቁጭ ብሎ ቆይቶ፣ ሱሪውን አራግፎ ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ወሬ አይሆንም። «ሰማሽ? ዘርዓብሩክ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ!» ብላ የጎረቤት በር የምታንኳኳ ሴት በኮልፌ አልተወለደችም።

ዘርዓብሩክ ስድሳን የተሻገረ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ጦር ኃይሎች አካባቢ በነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ነው። የሠርግ ጥሪ ያደርሳል፣ ካላንደር ያደርሳል፣ የተሳሳተ ማኅተም አስለውጦ ይመለሳል። ጡረታ ሲወጣ ማተሚያ ቤቱ የሚላላክባትን ብስክሌት በጭብጨባ ሸለመው። መሸለም ማለት እንኳ የሚወስዳት ሌላ ሰው ጠፋ ማለት ነው። የተራራ ብስክሌት ናት፤ ከባሕር ማዶ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጭና የመጣች። ድሮ ቀይ ነበረች ይላሉ። ተራራ ግን አይታ አታውቅም፤ ያየችው የኮልፌን ዳገት ነው፣ እሱም በቅቷታል።

ጡረታ ለሌላው ሰው ዕረፍት ነው። ዘርዓብሩክ ጡረታ ሲወጣ አለቃው በዛ። ማተሚያ ቤት ሳለ የሚያዘው አንድ ሰው ነበር፤ ሰፈር ሲውል ሁሉም አዛዥ ሆነ። የሚያዙበትም ቃል አንድ ነው፤ «እግረ መንገድህን»። ዘርዓ፣ እግረ መንገድህን የግፊት መድኃኒቴን ከቤቴል። ጋሽ ዘርዓ፣ እግረ መንገድዎን የመዘምራኑን ማይክራፎን ከጠጋኙ ቤት። አባዬ፣ እግረ መንገድህን ዳይፐር። ዘርዓብሩክ የራሱ መንገድ ይኑረው አይኑረው የጠየቀው የለም። እሱም እምቢ ማለት አያውቅበትም፤ «እሺ» ከአፉ የሚወጣው ገና የሚላክበት ነገር ሳይነገረው ነው።

ድንጋዩንም ያገኘው በመልእክት ላይ ሳለ ነው። የአንዷን ጎረቤት የሠርግ ጥሪ ይዞ ሳንሱሲ ሄዶ፣ የሚቀበለው ሰው ከቤት ጠፋ። ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። እስኪመጣ ልጠብቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ ዐረፈ። ሰውየው አልመጣም። የጠራው የለም፣ የላከው የለም። ዘርዓብሩክ እዚያ ተቀምጦ ባሕር ዛፉ ሲወዛወዝ እያየ፣ ትከሻው ከጆሮው ሥር ወርዶ የትከሻ ቦታ ላይ ሲያርፍ ተሰማው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብድግ ይልና፣ «ትንሽ ላዙራት፤ ቆማ እንዳትደርቅ» ይላል። የምትደርቀው ብስክሌቷ ናት ይላል እንጂ ስለ ራሱ አይናገርም።

ደክሞኛል ሲል የሰማው ሰው የለም። በእሱ ፈንታ የምታማርረው ብስክሌቷ ነበረች። ፔዳሏ በዞረ ቁጥር ሲጥ፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሲጥ፣ ቋ። ድምፅዋ ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰማል። ዳቦ የሚጠብቅ ሰው ሲጥ ሲል ሻይ ይጥዳል። ሐሜተኛውም ይገለገልባታል፤ ስለ ዘርዓብሩክ እየተወራ ከሆነ፣ መታጠፊያው ላይ ሲጥ ሲል ወሬው ወደ ሽንኩርት ውድነት ይዞራል። ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰው የሳንሱሲ ወሬ እሱ ጆሮ ያልደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሄደበት ሁሉ የሚሰማው ስለ ሽንኩርት ነው። ሰፈሬ ምን ያህል ሽንኩርት ይወዳል ብሎ ይገረም ነበር።

ነገሩ የከረረው የልጅ ልጁ ሆሳዕና ከተወለደች ወዲህ ነው። ልጁ ናዝራዊት ከባሏ ከጌታሁን ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ሆሳዕና ቀን ተኝታ ማታ የምታለቅስ ሕፃን ናት፤ የቀኑን እንቅልፏን ደግሞ የምትሰብረው ያቺው ብስክሌት ናት። ጌታሁን ጨዋ ልጅ ነው። ክፉ ነገር ሲናገር እንኳ መጀመሪያ ወንበር ይስባል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ወንበር ሳበ።

«ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው።»

«ተናገር ልጄ።»

«ሳይክሏ...»

«ምን ሆነች?»

«እሷስ ምንም አልሆነች። እርስዎ ሲገቡ ልጅቷ ትነቃለች። ናዝራዊት ከወለደች ጀምሮ አንድ ቀን ጠግባ አልተኛችም። ለእኔ እንኳ ግድ የለም...»

«ለእኔ ግን ግድ አለኝ!» አለች ብዙነሽ ከጓዳ። «እንዲያው አንጀቴን ስትበላኝ ነው የምትውለው። ወይ ዝም አሰኛት፣ ወይ ለቁራሌው ትሰጥ።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው ያልፋል» አለ ጌታሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስከዚያ ከተሠራች በጣም ጥሩ። ካልተሠራች እኔ ራሴ አወጣታለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።»

«እሺ» አለ ዘርዓብሩክ።

እሺ ይበል እንጂ ነገሩ የብስክሌት ብቻ አልነበረም። ብስክሌቷ ከሄደች ድንጋዩም ሄደ ማለት ነው። በእግሩ እንዳይወጣው ጉልበቱ እምቢ ብሏል። በታክሲ እንዳይሄድ ታክሲ ምክንያት ይጠይቃል፤ «የት ልትሄድ ነው?» ሲባል «ድንጋይ ጋ» አይባልም። ለድንጋይ ታክሲ የተሳፈረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እጅ ተጭኖበት ይጸለይለታል። ስለዚህ ያለው ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ አንዲት ሲጥ የት እንዳለች ፈልጎ ማግኘት አለበት።

የብስክሌት ሲጥታ እንደ ሰፈር ወሬ ነው፤ የሚሰማበት ሌላ፣ የሚነሣበት ሌላ። ከፔዳል የመጣ ይመስላል፣ ፔዳሉን ስትፈታው ንጹሕ ነው። ከመሪው አንገት ነው ስትል ከኋላ ይጮኻል። ሁሉም ብሎን «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ሁሉም ደግሞ ትንሽ ትንሽ ላልቷል።

ዘርዓብሩክ በረንዳው ሥር ማዳበሪያ አነጠፈና ብስክሌቷን ገልብጦ አቆማት። መሣሪያው ሁሉ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ አሥራ አምስት ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ እጀታው በፕላስተር የታሰረ ፒንሳ፣ በቲማቲም ጣሳ የተቀመጠ ግራሶ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ፔዳሎቹን ፈታ፤ የግራው በግልባጭ ነው የሚፈታው። የብሎን ጥርሳቸውን በብሩሽ አጸዳ፣ ግራሶ ቀባ፣ መልሶ አጠበቀ። መታጠፊያው ድረስ ነድቶ ተመለሰ። ሲጥ።

የመሪውን አንገት ፈታ። ሲጥ። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ብሎኖች አንድ በአንድ አወጣ፣ ዝገታቸውን ፋቀ፣ መልሶ አሰረ። ሲጥ፣ ቋ።

እትዬ ዋጋነሽ፣ የግፊት መድኃኒቱ ባለቤት፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ሥራውን ሲከታተሉ ነበር።

«ዘርዓ፣ ዘይት ነው የጠማት።»

«ተቀብታለች እትዬ ዋጌ።»

«ያንተ ዘይት ጥቁር ነው፤ ምን ዘይት ይባላል እሱ! ንጹሕ ዘይት ነው የሚያስፈልጋት።»

ዘርዓብሩክ እጁን ሊታጠብ ገባ ሲል እትዬ ዋጋነሽ የወጥ ዘይታቸውን ይዘው መጡና በመላው ካቴናዋ ላይ አንቆረቆሩባት። በጎነታቸው ነው። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ለጎረቤት ብስክሌት ዘይት የሚያፈስ ሰው አይገኝም። በማግሥቱ ግን ካቴናው የኮልፌን አቧራ ሁሉ ጠጥቶ ጭቃ ሆኖ ዋለ፤ የዚያ ዕለት ከሰዓት በሙሉ በነጭ ጋዝ ሲያጥብ አለፈ። እትዬ ዋጋነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አየህ፣ ቆሻሻዋን ጎትቶ አወጣልህ!» አሉት። ዘርዓብሩክ አመሰገናቸው።

ቀጥሎ ከባዱ ሥራ መጣ፤ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት የመሃል ዘንግ። እሱን ለመፍታት ተንበርክኮ መታገል ግድ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ለጸሎት እንኳ መታጠፍ ከተወ ቆይቷል። ታግሎ ከፈተው። ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት የብረት ብዮች በደረቀ ግራሶ ተጨማልቀው ወጡ። በጣሳ ክዳን ላይ እያኖረ በነጭ ጋዝ ሲያጥባቸው ብዙነሽ ጠራችው።

«ዘርዓ!»

«አቤት።»

«እጅህ ካልያዘ ዳቦ።»

እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። «እሺ» አለ። ሲነሣ ጉልበቱ ክዳኑን ገፋውና ብዮቹ በረንዳው ላይ ተበተኑ። ሁሉንም ለቀመ። አንዷን ግን ቦዩ በላት። ደረቱን መሬት አስነክቶ እጁን ቦይ ውስጥ ከትቶ ፈለጋት፤ ያገኘው የሆሳዕናን ጡጦ ክዳን ብቻ ነው፤ እሱንም ቤቱ ሲፈልገው ነበርና ተመሰገነ። እንደዚያ ተጋድሞ ሳለ፣ ለመነሣት ሲሞክር፣ ትንሽ ቆየት አለ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ ይል ነበር። «ወደቅህ እንዴ?» አለች ብዙነሽ ከውስጥ። «አይ፣ አለሁ» አለ።

የጠፋችዋን ብይ ፍለጋ ጆሲ ጋ ሄደ፤ ብስክሌቷን እንደ ታመመ ሰው በትከሻው ደግፎ። ጆሲ መታጠፊያው ላይ ያለ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ቀልድ ያከፋፍላል። አሮጌ ኩሽኔታ በባልዲ አለው። ፈልጎ ልኳን ሰጠው፤ ዘርዓብሩክም እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጦ አዲስ ግራሶ ሞልቶ ዘንጉን ገጠመ። ነዳት። ሲጥ።

ዘርዓብሩክ ከብስክሌቷ ወርዶ መሪዋን ይዞ ቆመ።

«ይስጡኝ እስቲ ጋሽ ዘርዓ» አለ ጆሲ። ነጥቆ ዘለለባትና ዳገቱን እንደ ወጠጤ ቆሞ እየረገጠ ወጣ፤ ዞሮም ወረደ። አንዲት ድምፅ የለም። ዝም!

«ምንም የለባትም እኮ!»

ዘርዓብሩክ ተቀበለው፣ ወጣባት፣ ተቀመጠ፣ ረገጠ። ሲጥ።

ጆሲ ሆዱን ይዞ ጎማው ላይ ወደቀ። «ጋሽ ዘርዓ! በእግዚአብሔር! የምትጮኸው እሷ አይደለችም፣ እርስዎ ነዎት!» እንባውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ልክ ነዎት፤ ዝም ማሰኘቱ ይሻላል። ወደ ሳንሱሲ ድምፅ አሰምቶ አይኬድም።»

«ሳንሱሲ ምን አለ?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ጆሲ።»

«ጥርሷ ወርቅ ነው አሉ።»

እንዲህ ነው ዘርዓብሩክ የሰማው፤ ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ። ይቆጣል ብሎ ጆሲ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ዘርዓብሩክ ግን አልተቆጣም። በግራሶ የተለወሰ እጁን ገልብጦ እያየ ቆየ።

«ጆሲ፣ እስቲ እየኝ። ሴት ማስቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ምሳዬን እንኳ የምበላው ቆሜ ነው።»

«እኔም አላመንኩም ጋሼ።»

«አላመንክም?»

«በጉልበትዎ ነዋ፤ እሱን አውቃለሁ።»

ዘርዓብሩክ ሳቅ ሊመጣው ሲል ዓይኑ የብስክሌቷ መቀመጫ ላይ አረፈ። ጆሲ ቆሞ ነበር የረገጠው። መቀመጫዋን አልነካትም። እሱ ግን በጉልበቱ ምክንያት ቆሞ ረግጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው።

የመቀመጫውን ብሎን ፈታና ዘንጉን እያወዛወዘ ነቀለው። ዘንጉ ላይ የተጠቀለለ የዱቄት ወተት ጣሳ ቁራጭ አብሮ ወጣ፤ ዝጎ፣ ተቀዶ፣ በመሃሉ አሸዋ ተሞልቶ። አወቀው። ራሱ ነው ያስገባው። ማተሚያ ቤት ሳለ ዋናው ዘንግ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ፤ የተገኘው ቅያሪ ቀጭን ሆኖ ቱቦው ውስጥ ዋለለ፤ ልኩ እስኪገዛ ድረስ ብሎ የወተት ጣሳ በመቀስ ቆርጦ ጠቀለለበት። «ለጊዜው ነው» ተብሎ ነበር። ማተሚያ ቤቱም ያኔ «ለጊዜው በዚህ ሥራባት» ብሎት ነበር። ልኩ ሳይገዛ ጡረታ ወጣ፤ ያቺ ለጊዜው ደግሞ እስከ ዛሬ ከሥሩ ሆና እሱ በተቀመጠ ቁጥር ስትጮኽ ኖራለች።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደከመው። ጎማው ላይ ቁጭ አለና ቁራጯን በጣቱ እያገላበጠ ቆየ። ጆሲ እንኳ አልቀለደም።

ከዚያ ተነሣ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ቱቦውን በጨርቅ ወለወለ፣ ከለስላሳ ጣሳ አዲስ ቁራጭ ቆርጦ ጠቀለለበት፣ በስሱ ግራሶ ቀባ፣ ዘንጉን አስገባ፣ ብሎኑን እስኪያቃስት አጠበቀ። ወጣባት። ተቀመጠ። ዳገቱን ወጣ። ብስክሌቷ እንደ ድመት ሄደች። የኮብልስቶኑን ድምፅ፣ የራሱን ትንፋሽ፣ ከአንዱ ቤት የሚመጣ መዝሙር ሰማ። ይህ ሁሉ ለካ እዚህ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው ጆንያውን አንግቦ እየጮኸ መጣ። ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ነበር። ዘርዓብሩክ ብስክሌቷን እየነዳ በሁለቱ መሃል አለፈ፤ ትንፍሽ አላለችም። ሆሳዕና ተኝታለች። «ተባረኩ ጋሼ!» አለ ጌታሁን፤ ከልቡ ነው። ቁራሌው ብስክሌቷን በናፍቆት አይቶ አለፈ። ድንጋዩ ተረፈ።

ከምሳ በኋላ ዘርዓብሩክ፣ «ትንሽ ላዙራት» አለና ወጣ። ሳንሱሲ ደረሰ፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ግን እንደ ወትሮው ቶሎ አልወረደም። የወርቅ ጥርስ ያላት ሴትዮ ትዝ እያለችው ወዲያ ወዲህ ማየት ጀመረ፤ እሱም ትመጣ እንደሆነ የሚጠብቅ መሰለ። በስተመጨረሻ ራሱን ነቀነቀና ወትሮ ከሚመለስበት ሰዓት ቀድሞ ተመለሰ።

ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ማንም ርዕስ አልቀየረም። ስለ ሽንኩርት ያወራም የለም። ጆሲ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ጎማ ሲነፋ ሳያየው አለፈ። የግቢው ቆርቆሮ በር ገርበብ ብሏል። ሊገፋው እጁን ሲዘረጋ ከበረንዳው ስሙ ተጠራ፤ እጁ እዚያው ቀረ።

በረንዳው ላይ ብዙነሽና እትዬ ዋጋነሽ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ጌታሁን የሕፃኗን ልብስ ከገመድ እያወረደ ያጣጥፋል።

«እና ዘርዓ ሴትየዋን ተወ?» ይላሉ እትዬ ዋጋነሽ። «ጸሎቱ መልስ አገኘ ወይ ነው የምልሽ።»

«ኧረ እትዬ ዋጌ፣ የምን ሴት! ሴት የለችም።»

«የወርቅ ጥርስ ያላት...»

«ተከትዬው ሄጄ አይቻለሁ እኮ» አለች ብዙነሽ።

የጌታሁን እጅ ልብሱ ላይ ቆመ።

«ባጃጅ ይዤ ከኋላው። ደግሞ ማሳደድ አላስፈለገንም፤ የባጃጁ ልጅ፣ ‹ማዘር፣ ይሄን ሰውዬ ዓይኔን ጨፍኜ ብነዳም አላጣውም› አለኝ፤ ሲጥ ሲጥ ስትል ነበራ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ሄድኩ። ለእሷ የምላትን ለብቻ፣ ለእሱ የምለውን ለብቻ። ደርሼ ከመሠረቱ ግንብ ጀርባ ቆምኩ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም። ቁጭ ብሏል በቃ።»

«እየጠበቃት ይሆናላ!»

«እኔም አብሬው ስጠብቃት ቆየሁ። ማንም አልመጣ። ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ሄደ። ያን ሁሉ የተሰናዳሁትን ንግግር ይዤው ተመለስኩ፤ እስካሁን አለ።»

«እና ምነው ለሰው ሳትነግሪ? ሀገር ሁሉ ሴት ሲል!»

ብዙነሽ አንዲት ቅጠል ቀነጠሰች። «ምን ብዬ? ሴት ናት ሲባል ሰው ለእኔ ያዝናል። ድንጋይ ነው ብል፣ ‹ቤት ውስጥ ምን ብታደርጉት ነው ድንጋይ የሚሻለው?› ነው የምባለው። ለሴት መላ አለው፤ ይጠራሉ፣ ይሰድባሉ፣ ሽማግሌ ይልካሉ። ድንጋይን ማን ጠርቶ ያናግረዋል?»

ጌታሁን ያጣጠፈውን ልብስ ወንበሩ ላይ አኖረ።

«ደክሟቸው ይሆን እንዴ?» አለ ጌታሁን ቀስ ብሎ።

«ደክሞኛል ሲል ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«እኔስ... አልሰማሁም።»

«ኤዲያ፣ ሰው አፍ አውጥቶ ካልተናገረ ማን ይወቅለት!» አሉ እትዬ ዋጋነሽ። ጎመኑን አራግፈው ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ የምልሽ ብዙዬ፣ ሰኞ ወደ ቤቴል ብቅ ይል ይሆን? መድኃኒቴ ሊያልቅ ነው።»

«ይሄዳል» አለች ብዙነሽ። «እግረ መንገዱን።»

ዘርዓብሩክ በሩን ገፋ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። እትዬ ዋጋነሽ መጀመሪያ ነቁ፤ የልምድ ነገር ሆኖ፣ «ሽንኩርት እኮ ዘንድሮ...» ብለው ጀመሩና መሃል ላይ ጠፋባቸው። ጌታሁን አንዱን ሸሚዝ እንደገና ማጣጠፍ ያዘ።

«መቼ መጣህ?» አለች ብዙነሽ። ፊቷ ቀልቷል። «ድምፅህን አልሰማንህም።»

«ተሠራች አይደል» አለ ዘርዓብሩክ።

ብስክሌቷን እየገፋ በመሃላቸው አለፈ፤ ግድግዳው ላይ አስደገፋት፤ እንዳትወድቅ መቀመጫዋን ጫን አድርጎ አያት። ዝም አለች። ሱሪውን አራገፈ። ከውስጥ የሆሳዕና ትንፋሽ ይሰማል። ዘርዓብሩክ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከብስክሌቷ ሳያነሣ ተናገረ፦

«ብዙዬ፣ ድንጋዩ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃል።»